ስኪዞፍሬንያ ቤት ሲገባ ቤተሰብ ለምን ይከሰሳል?

በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ትምህርቱን አቋርጦ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ይጀምራል። ብቻውን ያወራል። ምግቡ ውስጥ መርዝ ተጨምሮበታል ብሎ እናቱ ያቀረበችለትን አይቀምስም። ጎረቤቶች በግድግዳው በኩል ስለ እሱ ሲዶልቱ ይሰማዋል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አልፈው ሐኪም ዘንድ ሲደረስና የሕመሙ ስም ስኪዞፍሬንያ መሆኑ ሲነገር፣ ከቤተሰቡ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ መድኃኒት አይደለም። «ምን አድርገነው ነው?» የሚል ነው።

ጎረቤትም የራሱን መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዱ እናቱ አቀማጥላ ስላሳደገችው ነው ይላል። ሌላው አባቱ በዱላ ሲቀጠቅጠው ኖሮ ነው ይላል። የአያት ዕዳ ነው፣ መተት ነው፣ ሳይፈጸም የቀረ ስለት ነው የሚልም አይጠፋም። ለጋብቻ ሲታሰብ ደግሞ «በዘራቸው እንዲህ ያለ ሰው አለ» የሚለው ሹክሹክታ የታማሚውን እህቶች ሳይቀር ይከተላቸዋል። መልሶቹ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥፋተኛው ከዚያው ቤት ነው።

ክሱ ከባህላችን ብቻ የመነጨ አይደለም። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ በዓለም አንቱ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ይህንኑ ክስ በምርምር ቋንቋ ሲጽፉትና ሲያስተምሩት ነበር። ሳይንሱ ከዚያ እንዴት እንደወጣ፣ ከወጣ በኋላም ስለ ቤተሰብ ምን እንዳገኘ ማወቅ ለእኛ ቤቶች በቀጥታ ይጠቅማል። ማስረጃው የሚያሳየው ቤተሰብ ስኪዞፍሬንያን እንደማይፈጥረው ነው። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ግን በቤት ውስጥ ያለው አየር ታማሚው እንዲረጋጋ ወይም እንዲያገረሽበት ያደርጋል። ያንን አየር ከሚመርዙት ነገሮች አንዱ፣ እንደ እኔ እምነትም ዋነኛው፣ ክሱ ራሱ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከሰሰችው እናት

ክሱ ምሁራዊ ስም ያገኘው በ1948 ነው። ፍሪዳ ፍሮም ራይሽማን ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ጀርመናዊት ሐኪም ነበሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ቼስትነት ሎጅ በተባለው የግል ሆስፒታል፣ ሌሎች ተስፋ የቆረጡባቸውን ሕሙማን በትዕግሥትና በንግግር ለማከም የጣሩ ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ባወጡት ጽሑፍ ግን «ስኪዞፍሬንያ አምጪ እናት» የሚል ሐረግ አስገቡ። ቀዝቃዛ የሆነች፣ ልጇን ከልብ የማትቀበል፣ በዚያ ላይ ሁሉን ልቆጣጠር የምትል እናት ልጇን ለዚህ ሕመም ትዳርጋለች የሚል ነው። ሐረጉ ከጸሐፊዋ እጅ ወጥቶ በየሆስፒታሉ ተዳረሰ።

በ1956 ደግሞ አንትሮፖሎጂስቱ ግሪጎሪ ቤትሰንና ሦስት ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ድርብ ማነቆ ልንለው የምንችል ማብራሪያ ይዘው ቀረቡ። ልጅ ከሚወደውና ሊለየው ከማይችል ሰው ሁለት የሚጣረሱ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ ይቀበላል። የትኛውንም ቢታዘዝ ይጠፋል፤ መጣረሱን እንዳይናገርም ተከልክሏል። በጽሑፋቸው ያቀረቡት ምሳሌ ዛሬም ይጠቀሳል። ከሕመሙ በማገገም ላይ ያለ ወጣት ልትጠይቀው የመጣችውን እናቱን ትከሻ በደስታ ያቅፋል፤ እናት ሰውነቷ ይገተራል። እጁን ሲያነሳ «ከእንግዲህ አትወደኝም ማለት ነው?» ትለዋለች። ሲያፍር ደግሞ ስሜትህን አትፍራ ብላ ትገሥጸዋለች። ቃሏ ና ይላል፣ ገላዋ ሂድ ይላል። ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት ዕድሜውን በእንዲህ ያለ ማነቆ ያሳለፈ ሰው በመጨረሻ ንግግርን በግልጽ መፍታትና መመለስ ያቅተዋል።

በዚያው ዘመን በዬል ዩኒቨርሲቲ ቴዎዶር ሊድዝ ጥፋቱን በባልና ሚስት ጠብ ውስጥ ፈለጉት። በብሪታንያ ሮናልድ ሌንግ እብደት የሚመስለው ነገር ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ሲታይ ትርጉም እንዳለው ተከራከሩ።

እነዚህ ማብራሪያዎች ሲነበቡ ይማርካሉ። ማንም ሰው በገዛ ቤቱ ያየውን አንድ ነገር ያገኝባቸዋል፤ ድክመታቸውም እዚሁ ላይ ነው። ልጇን በአፏ እየጠራች በፊቷ የምትገፋ እናት፣ ልጆች ፊት የሚጨቃጨቁ ወላጆች፣ ስሜቱን የሚደብቅ አባት በየሰፈሩ አሉ። የአብዛኞቹ ልጆች ግን ስኪዞፍሬንያ አልያዛቸውም። ተመራማሪዎቹ የታመሙትን ቤተሰቦች ከጤነኞቹ ጋር በአግባቡ አላነጻጸሩም፤ በዚያ ላይ ያዩዋቸው ቤተሰቦች ሕመሙ ገብቶ ዓመታት ያንገላታቸው ነበሩ። ልጇ ድንገት ሊመታት እንደሚችል የምታውቅ እናት ሲያቅፋት ብትገተር ምን ይገርማል? ሕመሙ የወለደውን ፍርሃት የሕመሙ እናት አድርገው ወሰዱት።

ዋጋውን የከፈሉት ወላጆች ናቸው። ለበርካታ ዓመታት አሜሪካውያን እናቶች የልጃቸውን ሐኪም ለማነጋገር ሲሄዱ እንደ ተጠርጣሪ ይታዩ ነበር። በ1979 በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ የታማሚ ቤተሰቦች ተሰባስበው ዛሬ በመላ አገሪቱ የተዘረጋውን ብሔራዊ የአእምሮ ሕመም ኅብረት ሲመሠርቱ፣ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ውርደት ነበር።

ክሱ እንዴት ፈረሰ?

ክሱን ያናጋው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሕመሙን የሚያመጣው አስተዳደግ ከሆነ፣ ታማሚ እናት ወልዳቸው ሌላ ሰው ያሳደጋቸው ልጆችስ? በ1966 ሊናርድ ሄስተን ኦሪገን ውስጥ የዚህን መልስ አወጡ። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእናታቸው የተለዩ 47 ልጆችን ጎልማሳ እስኪሆኑ ተከታትለው፣ በተመሳሳይ መንገድ ከጤነኛ እናቶች ተለይተው ካደጉ 50 ልጆች ጋር አነጻጸሯቸው። ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ ስኪዞፍሬንያ ያዛቸው፤ ከሁለተኛዎቹ አንድም የለም። እናታቸው አላሳደገቻቸውም፤ ሕመሙ ግን ተከተላቸው። በዴንማርክ የጉዲፈቻ መዝገቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ አመሩ።

ይህ ማለት ግን «በዘር ነው» ብሎ መዝጋት አይደለም። በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ስፍራዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት አደጋ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ በጋብቻ ጊዜ «ዘራቸው» እየተባለ የሚፈራው አንድ ርኩስ ደም የለም። ብዙ ትንንሽ ዝንባሌዎች አሉ፤ አብዛኞቻችንም የተወሰኑትን ተሸክመን እንኖራለን። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ችግርም ሆነ በጉርምስና ዕድሜ የሚጨስ ካናቢስ በዚህ ላይ ይጨመራል።

የቤተሰብ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ ከመዝገቡ አልወጣም፤ ይህን መሸሸግ ታማኝነት አይሆንም። በፊንላንድ በፔካ ቲየናሪ የተመራው የጉዲፈቻ ጥናት በዘር ተጋላጭ የሆኑ ልጆች በሰላማዊ ቤት ሲያድጉ አደጋቸው በእጅጉ ዝቅ እንደሚል፣ በታወከ ቤት ሲያድጉ ግን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ተጋላጭነት የሌላቸውን ልጆች የቤቱ ሁከት ያን ያህል ወደዚህ ሕመም አልገፋቸውም። በ2012 በርካታ ጥናቶችን የሰበሰበ ትንተና ደግሞ በልጅነት የደረሰ ከባድ መከራ የእውነታ መዛባት ያለባቸውን የአእምሮ ሕመሞች አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያደርስ አግኝቷል። መከራ ሲባል ድብደባና ጾታዊ ጥቃት ብቻ አይደለም፤ ወላጅን በሞት ማጣትና በትምህርት ቤት በእኩዮች መሰቃየትም ተቆጥረዋል። ልጅን መደብደብ በራሱ በደል ስለሆነ ለማስቆም ስኪዞፍሬንያን ምክንያት ማድረግ አያስፈልግም። ከዚህ ተነስቶ «ልጁ ከታመመ የበደለው ሰው አለ» ማለት ግን ስሌቱን መገልበጥ ነው። የተበደሉ ልጆች አብዛኞቹ በዚህ ሕመም አይያዙም፤ ከታመሙት መካከልም በፍቅር ተከብበው ያደጉ ብዙ ናቸው።

አንድ ሌላ ማስረጃ በቀጥታ የእኛን ሰዎች ይመለከታል። እስራኤል ውስጥ ለውትድርና ምርመራ የቀረቡ ከ600 ሺህ በላይ ወጣቶችን የተከታተለና በ2008 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱት ላይ የስኪዞፍሬንያ አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። በስደተኞች ላይ ተመሳሳይ ውጤት በተለያዩ የአውሮፓ አገሮችም ተገኝቷል። እናቶቹ በጎንደርም በእስራኤልም ያው እናቶች ናቸው። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ኑሮ ነው፤ በቆዳ ቀለም መገለል፣ ቋንቋ ማጣት፣ በአገሩ የተከበረ አባት በልጆቹ ፊት ከምንም ሳይቆጠር መቅረቱ። ተመራማሪዎቹ ሴልተንና ካንቶር ግራኤ ይህን የማያባራ የመሸነፍና የመገለል ስሜት ራሱን የቻለ የሥነ ልቦና ምክንያት አድርገው አቅርበውታል። በኔዘርላንድ ሄግ ከተማ የተደረገ ጥናትም ስደተኞች የአገራቸው ሰው በብዛት በሚኖርበት ሰፈር ሲኖሩ አደጋው ዝቅ ማለቱን አግኝቷል። የራስ ሰው በዙሪያ መኖሩ ይከላከላል ማለት ነው። ከዐረብ አገሮች ከቤት ሠራተኝነት ታማ የተመለሰችን ልጅ ቤተሰብ «እኛ ልከናት ነው» እያለ ራሱን ከመቅጣቱ በፊት እዚያ የደረሰባትን መጠየቅ ይቀድማል።

ከሆስፒታል ወጥተው የት ገቡ?

የቤተሰብን ትክክለኛ ድርሻ ያወጣው ምርምር የተጀመረው ካልተጠበቀ ነገር ነው። በ1950ዎቹ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ሲመጣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለዓመታት ዘግተው ያቆዩአቸውን ሕሙማን ማሰናበት ጀመሩ። ጆርጅ ብራውን የተባሉ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ከሆስፒታል የወጡትን ወንዶች ተከታትለው አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው የተመለሱት፣ ክፍል ተከራይተው ከማያውቁት ሰው ጋር ከኖሩት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያገረሽባቸው ነበር።

ይህን ውጤት አንስቶ እናትን እንደገና መክሰስ ይቻል ነበር። ብራውንና ባልደረቦቻቸው ያን አላደረጉም፤ በቤቱ ውስጥ በትክክል የሚሆነውን ለመለካት ተነሡ። ከቤተሰቡ አባል ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፤ የሚመዘግቡት የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን የሚነገርበትን ድምፅ ጭምር ነው። ሦስት ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንዱ ነቀፋ ነው። ሁለተኛው ሰውየውን በሙሉ የመጥላት ስሜት ነው። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ መጠመድ ነው፤ የራስን ኑሮ ጥሎ፣ እያለቀሱና እየሠጉ፣ ጎልማሳውን እንደ ሕፃን መያዝ። ክሪስቲን ቮንና ጁልያን ሌፍ በ1976 ይህንኑ ደግመው አረጋገጡ። በ1994 የ25 ጥናቶችና የ1,346 ታማሚዎች መረጃ በአንድ ላይ ሲተነተን፣ እነዚህ ስሜቶች በበረቱባቸው ቤቶች ካሉት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ አገርሽቶባቸዋል። በረጋ ቤት ካሉት ግን ያገረሸባቸው ከመቶ 21 ብቻ ናቸው። ታማሚው መድኃኒቱን የሚወስድ ከሆነ፣ እንዲሁም ከተቆጣው ዘመድ ጋር ፊት ለፊት የሚያሳልፈው ሰዓት በሳምንት ከ35 ካነሰ፣ ጉዳቱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ መንሥኤና ማባባሻ መለየት አለባቸው። የአስም በሽተኛ ባለበት ቤት እጣን ማጨስ አስሙን አልፈጠረውም፤ ትንፋሹን ግን ያሳጥረዋል።

ነቀፋው ከየት ይመጣል? ከክፋት አይመጣም። ስኪዞፍሬንያ ድምፅ መስማትና ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ተነሳሽነትን ይገድላል፣ ፊትን ያደነዝዛል፣ ንግግርን ያሳጥራል። ታማሚው እስከ ቀትር ይተኛል፣ ገላውን አይታጠብም፣ ውኃ አምጣ ቢሉት ዝም ይላል። ድምፅ የሚሰማውን ልጅ ቤተሰቡ ታሟል ይለዋል፤ ከአልጋ የማይነሳውን ግን ሰነፍ ነው ይለዋል። ጥናቶችም የሚያሳዩት ከባዱ ነቀፋ ወደነዚህ ጸጥ ያሉ ምልክቶች እንደሚያነጣጥር ነው፤ ነቃፊው ታማሚው ቢፈልግ ሊያሻሽለው የሚችል ነገር አድርጎ ያስበዋልና። «ምን ጎደለህ? እኩዮችህ ቤት ሠሩ፣ ትዳር ያዙ» የሚለው የአባት ንግግር ከፍቅር የወጣ ነው። ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን ቀድሞውኑ ቀኑን ሙሉ «የማትረባ» እያለ ከሚሰድበው የራሱ የጆሮ ድምፅ ጋር ተደርቦ ነው።

የሥነ ልቦና ጥናት ይህ መደረብ ለምን እንደሚጎዳ ይነግረናል። ክሪስቶፈር ፍሪዝ እንዳብራሩት አንጎል የራሱን የውስጥ ንግግር የራሱ መሆኑን የሚለይበት አሠራር ሲታወክ፣ ሐሳብ ከውጭ እንደመጣ ድምፅ ይሰማል። የፊሊፓ ጋሬቲና የባልደረቦቻቸው ጥናቶች ደግሞ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በጥቂት ፍንጭ ተነስተው ወደ ድምዳሜ እንደሚጣደፉ አሳይተዋል። እንዲህ ያለ አእምሮ የኩሽናውን ሹክሹክታ፣ የእህትን የተቆጣ ፊት፣ በሩ ላይ የተቆለፈ ቁልፍን ሁሉ የሤራ ማስረጃ አድርጎ ይሰበስባል። ፍርሃት በጨመረ ቁጥር መጣደፉም ይጨምራል። ታንያ ላርማን የተባሉ አንትሮፖሎጂስት በአሜሪካ፣ በጋናና በሕንድ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎችን አነጋግረው፣ ሕንድ ቼናይ ውስጥ ካነጋገሯቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዘመዶቻቸውን ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ የቤት ሥራ እንደሚያዝዛቸው ጽፈዋል። አሜሪካውያኑ የሚሰሙት ይበልጥ ጠበኛ ነበር። ሰው በሕመሙ ውስጥ እንኳ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ይዞ ይገባል።

እንግሊዝ አገር የተሠራው ይህ የነቀፋና የመጠመድ መለኪያ ግን እንዳለ ተወስዶ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ አይለጠፍም። ከእናቱ ጋር የሚኖር የሠላሳ ዓመት ወንድ ለንደን ላይ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ እዚህ ያልታመመውም እንዲሁ ይኖራል። ጉርሻ መጉረስ ከልክ ያለፈ መጠመድ አይደለም። በሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቤተሰብ ሙቀት ከማገርሸት እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ማመዛዘን የሚገባው አስታማሚዋ የራሷን እንቅልፍ፣ ገበያና ዕድር ትታ ልጇን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሕይወት አጥታ እንደሆነ ነው።

ፍቅር ብቻውን

የቤተሰብን ነገር ስናነሳ አንድ የሚያጽናና ተረትም መፈተሽ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዳቸው ጥናቶች በድሃ አገሮች ያሉ ታማሚዎች ከሀብታም አገሮቹ የተሻለ እንደሚያገግሙ ተገኘ። ምክንያቱ ሰፊው ቤተሰብ ነው ተባለ፤ ታማሚው አይጣልም፣ በእርሻው የሚችለውን ይሠራል። ይህን ሰምቶ የማይደሰት አፍሪካዊ የለም።

ቡታጅራ የነገረችን ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው በዚህች ከተማ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ መርምረው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ከተገኙት እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ሰፊ ቤተሰብ ነበራቸው፣ እርሻም ነበራቸው። ሆኖም ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሕመማቸው ያለ ፋታ የዘለቀ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው ሕዝብ በአማካይ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ፣ የሚገድላቸውም በአብዛኛው ተላላፊ በሽታ መሆኑ ተገኘ። ቤተሰቦቻቸው አልወደዷቸውም ማለት ይቻላል? አይቻልም። ፍቅር መድኃኒትን፣ ምግብንና የጤና ጣቢያን አይተካም።

በዚያው አካባቢ 178 የታማሚ ዘመዶች ሲጠየቁ ከመቶ 75ቱ መገለል እንዳለባቸው ተናግረዋል። ከመቶ 37ቱ በቤታቸው ታማሚ መኖሩን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ክሱ የት እንደሚያደርስ እዚህ ይታያል። የሚያፍር ቤተሰብ ይደብቃል። ሲደብቅ ሕክምና ይዘገያል፣ ሕመሙ ይከብዳል፣ አስታማሚው ይዝላል። የዛለ ሰው ይቆጣል፤ ቁጣው መልሶ ሕመሙን ያስነሳል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በሰንሰለት ስለታሰሩ ታማሚዎች በተደረገ ጥናት አንድ አስታማሚ ቀንና ሌሊት እንደሚያለቅሱ፣ ልጃቸውን ግን በሰንሰለት እንዳሰሩት ተናግረዋል። ያንን ሰንሰለት የሚያስገባው በአብዛኛው ሕክምና ማጣትና ልጁ እንዳይሞት ወይም ሰው እንዳይጎዳ መፍራት ነው። እንዲህ ያለውን ወላጅ ጨካኝ ማለት ቀላል ነው፤ ምንም አማራጭ ሳይሰጡ ማለት ግን ግፍ ነው።

መውጫው አለ፤ ተሞክሯልም። በሌላው ዓለም የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች እንዳሳዩት ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ሲማር፣ ያለ ነቀፋ መነጋገርንና ችግርን አንድ በአንድ መፍታትን ሲለማመድ፣ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ሲገናኝ፣ ማገርሸት ይቀንሳል። ይህ ትምህርት የመድኃኒቱ ደጋፊ እንጂ ምትኩ አይደለም። በሶዶ ወረዳ ከአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ታማሚዎችን በየቤታቸው እየሄዱ ቤተሰብን ሲያስተምሩ፣ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ሲያግዙ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ሕይወት እንዲመለስ ሲረዱ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት አቅም ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚከታተላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ይህን ሥራ የሠሩት አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለ ክሊኒክ ወይም ውድ መሣሪያ አይደሉም፤ ሠልጥነው በር የሚያንኳኩ የመንደሩ ልጆች ናቸው።

ጸበልም ቢሆን ከዚህ ውጭ መሆን የለበትም። ቤተሰብ ወደ ጸበል የሚሄደው ሐኪም ስለናቀ አይደለም፤ እዚያ ማንም «ምን አድርጋችሁት ነው?» ሳይላቸው አብሯቸው የሚጸልይ ስለሚያገኙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አባቶች ተግባብተው ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ ያደረጉበት ሥራ ተመዝግቧል። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱን ጣል ሲባል፣ ታማሚው ሲገረፍና ሲታሰር ነው። ያንን አባቶች ራሳቸው ቢከለክሉ ከማንም ሐኪም ይልቅ ይደመጣሉ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ድምፅ እሰማለሁ ያለን ሰው «የለም» ብሎ መከራከርም «አዎ እኔም ሰማሁ» ማለትም አይጠቅምም፤ «እኔ አልሰማሁም፣ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ» ማለት ይበቃል። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ በአጭሩ፣ በረጋ ድምፅ ይሰጥ። ትንሽ ሥራ ሲሠራ ይመስገን። እንቅልፍ ማጣት፣ መጠራጠር፣ ከሰው መሸሽ ሲመለስ ማገርሸቱ እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወደ ሐኪም መሄድ ሰው ከማሰር ይቀድማል። አስታማሚዎችም ይፈራረቁ፤ እናት ብቻዋን አትተው።

የመንግሥት ድርሻ ግን ከዚህ ይበልጣል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ድረስ ሳይቆራረጥ መድረስ አለበት፤ ወርኃዊው መርፌ አንድ ወር ሲጠፋ ቤተሰቡ የዓመት ልፋቱን ያጣል። ሌላው እርምጃ ገንዘብ እንኳ ብዙ አይጠይቅም። ታማሚው መርፌውን ሊወጋ ሲመጣ ያመጣችው እናት ወይም እህት ከበር ውጭ ትቀመጣለች፤ ነርሱ የሚያነጋግረው ታማሚውን ብቻ ነው። የእሷም ስም በካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ ታማሚው ከፈቀደ አብራው ትግባ፤ በየወሩ ሩብ ሰዓት ይመደብላትና ስለ ሕመሙ ትጠይቅ፣ ስለ እንቅልፏ ትጠየቅ። በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ነገር ከመነገሩ በፊት፣ ነርሱ ወይም ሐኪሙ ልጇን ያሳመመችው እሷ እንዳልሆነች በግልጽ ቃል ይንገራት፤ ይህም እንደ መድኃኒቱ መጠን በካርዱ ላይ የሚጻፍ የሥራው አካል ይሁን።